ታሪክ ከስድስት ኪሎ ወደ አማኑኤል ይውረድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሳንቲም ሳይከፍል ስለ ታሪክ ሲነገር መስማት የሚፈልግ ሰው መድረክ አያጣም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት ከመሩት ጊዜ አንሥቶ፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ምሁራንን እየጋበዘ ጥናታቸውን በአደባባይ ሲያስቀርብ ኖሯል። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር፣ አዳራሽ ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጻሕፍት እየተመረጡ ሲያወያዩ ብዙዎቻችን ተገኝተናል። ጎተ ኢንስቲትዩትም ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ውይይት በሩን ሲከፍት ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በዚህ ላይ ተጨምሯል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ዕድሜያቸውን ለምርምር የሰጡ ናቸው፤ መጠየቅም ሆነ መሞገት ይቻላል።

ችግሩ ሌላ ነው። አዳራሾቹ የሚገኙት በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎና በመሐል ከተማ ነው። ወንበሩን የሚሞላውም በአብዛኛው ተማሪው፣ መምህሩ፣ ደራሲውና ጡረተኛው ነው። ከመርካቶ በስተምዕራብ፣ አማኑኤል ሰፈር የሚኖር ልብስ ሰፊ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የባልትና ነጋዴ ወይም ነርስ እዚያ ቢደርስ እንግዳ ነው። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም ግን አልጠራውም። የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ የነገሥታት፣ የጦርነትና የመንግሥት ለውጥ ታሪክ ስለሆነ የእሱን ሰፈር በታሪኩ ውስጥ አያገኘውም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው። የአዲስ አበባን ታሪክ ለሕዝብ የምንናገርበት ነጻ መድረክ ታሪኩ ወደተሠራበት ሰፈር መውረድ አለበት። ይህን የምለው ለሰፈሩ ሰው ዕውቀት በማደል ውለታ እንድንውልለት አይደለም። አማኑኤል ላይ የሚቀመጠው አድማጭ ምስክር ስለሆነ ነው። ተናጋሪው የማያውቀውን ያውቃል፤ የተሳሳተውን ያርማል፤ ሰነድ ያልመዘገበውን ይጨምራል። ታሪክ አጥኚው ያለዚህ ሰው ሥራው ጎዶሎ ነው።

ከነጋሪት እስከ ውይይት ክበብ

በአገራችን ለሕዝብ መናገር አዳራሽ ከመሠራቱ በፊት የገበያ ሥራ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነገረው ገበያ በቆመበት ቀንና ቦታ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ የሚገኘው እዚያ ነውና። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም የከተማዋ ትልቁ ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነበር። ቅቤው፣ እህሉ፣ ከብቱና ጨርቁ የሚሸጠው፣ ወሬው የሚለዋወጠው፣ የመንግሥት ቃል የሚሰማውም እዚያው ነበር።

ዛሬ በቴአትር ቤትነቱ የምናውቀው ሀገር ፍቅርም ሲነሣ ንግግርን ዋና ሥራው ያደረገ ማኅበር ነበር። የኢጣሊያ ወረራ እየቀረበ በመጣበት ወቅት፣ ሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማው ሕዝቡ ስለ አገሩ እንዲሰማና ለመጣው አደጋ እንዲነሣ ማድረግ ነበር። ተናጋሪዎች በአደባባይ ቆመው ያለፈውን እያነሡ ሕዝቡን ቀሰቀሱ፤ ንግግሩም በዜማ ይታጀብ ነበር። የቴአትር ቤቱ ታሪክ ሲጻፍ ይህ መነሻ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። በከተማችን ሰውን ያለ ክፍያ ሰብስቦ ታሪክ መንገር ከውጭ ባህል ማዕከላት ጋር የመጣ ልማድ እንዳልሆነ ያሳያልና።

ሆኖም ያ ንግግር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። ተናጋሪው ይናገራል፣ ሕዝቡ ይሰማል። ጊዜው የክተት ዋዜማ ስለነበር ከዚያ ሌላ መጠበቅም አይቻልም። ያን ልማድ ወደ ከፋ ነገር የለወጠው ደርግ ነው። በየቀበሌው የተቋቋመው የውይይት ክበብ በስሙ ውይይት፣ በተግባሩ ግን ትእዛዝ ነበር። ካድሬው ያነብባል፤ ነዋሪው ይቀመጣል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው በዚያው ቀበሌ በኩል ስለነበር መቅረት ዋጋ ያስከፍላል። ዛሬ አንድ የስልሳና የሰባ ዓመት የመርካቶ ሰው ስብሰባ ሲባል ፊቱን ቢያጨማድድ ምክንያት አለው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ስብሰባ አበልና ሻይ ቡና የሚጠበቅበት፣ ውሳኔው ግን አስቀድሞ ያለቀ ነገር ሆኖ ተለመደ።

ነጻ የታሪክ መድረክ ወደ አማኑኤል ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ ነጻ ሲባል ክፍያ የሌለው ማለት ብቻ መሆን የለበትም። የመጣ ሰው ስሙ የማይመዘገብበት፣ አጨብጭብ የማይባልበት፣ በመጨረሻ የአቋም መግለጫ የማይነበብበት፣ አልስማማም ያለ ሰው በክብር የሚደመጥበት መሆን አለበት። ይህ ካልተሟላ መግቢያው ነጻ ቢሆንም ሰው አይመጣም፤ ቢመጣም አይናገርም።

በአማኑኤል ዙሪያ ያለው ታሪክ

ፋሺስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ሳይቀር ሳይጠየቅ ንድፍ ነድፎ ለሙሶሊኒ አቅርቦ ነበር። ሥራው የተሰጠው ግን ለኢግናዚዮ ጉዊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ነው። የዕቅዱ ፍሬ ነገር አውሮፓዊውና ኢትዮጵያዊው ተለያይተው እንዲኖሩ፣ ተለያይተው እንዲገበያዩ ነበር። በዚህ ምክንያት የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። የዛሬው መርካቶ የተወለደው ከዚህ የመለያየት ሐሳብ ነው። አዲስ ከተማ የሚለው የክፍለ ከተማው ስምም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። መጽሐፉ የማይመልሰው ግን ብዙ ነው። ከአራዳ የተነሣው ነጋዴ አዲሱ ቦታ ላይ ማን ቦታ ሰጠው? ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ? እያንዳንዱ ሸቀጥ በየራሱ ተራ እንዲሆን የወሰነው ባለሥልጣን ነው ወይስ ነጋዴው ራሱ? ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ሲዳሞ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች እያንዳንዳቸው የሆነ ሰው ጀምሯቸዋል። የዚያን ሰው ስም ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ያውቀዋል፤ ከቤተሰቡ ውጭ ግን አልወጣም።

እዚህ ላይ የሰፈር ታሪክና የክፍለ ሀገር ታሪክ አንድ ይሆናሉ። የጎጃም እህል፣ የሲዳሞ ቡና፣ የጉራጌና የስልጤ ልጆች ንግድ፣ የየመን ዐረቦች ሱቅ፣ የደቡቡና የምዕራቡ ቆዳና ማር ሁሉም መርካቶ ላይ ተገናኝቷል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ ማሠራት ሲጀምሩ ከዋነኞቹ አዋጪዎች መካከል የመርካቶ ነጋዴዎች ነበሩ። ስለዚህ የጉራጌን መንገድ ታሪክ የሚያጠና ሰው ወልቂጤን ብቻ ቢያይ ግማሹን ነው የሚያገኘው፤ ሌላው ግማሽ ያለው በመርካቶ ሱቆች ውስጥ ነው። አውቶቡስ ተራ በየቀኑ የሚያወርደው መንገደኛም የየአገሩን ታሪክ ይዞ ይገባል። ስለ ወሎ፣ ስለ ጎጃም፣ ስለ ከምባታ፣ ስለ ጅማ የሚያስተምር መድረክ አድማጩን ከሩቅ መጥራት አያስፈልገውም።

ከዚያ ደግሞ ሆስፒታሉ አለ። አማኑኤል ሲባል ከሰፈሩ ውጭ ያለ ሰው ቶሎ የሚያስበው እሱን ነው፤ ብዙ ጊዜም በማያከብር አነጋገር። በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም.፣ የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በመላው አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ታማሚዎቻቸውን ይዘው የመጡ ቤተሰቦች በአካባቢው አድረዋል፣ ቤት ተከራይተዋል፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ኖረዋል። በ1980 ዓ.ም. ገደማ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማሠልጠኛ እዚያው ተጀምሮ ተመራቂዎቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሲሰማሩ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ የኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ ተከፍቷል። ይህን ታሪክ ለሰፈሩ ወጣት በአግባቡ የሚነግረው ሰው ቢገኝ፣ በሰፈሩ ስም ሲቀለድ የሚያፍረው ልጅ በሰፈሩ ስም ይኮራ ነበር። ሕመምን ከማፌዣነት ለማውጣት ከእንዲህ ያለው ንግግር የተሻለ መንገድ የለም።

አንድ ልጨምር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእምነት እኩልነት ጠይቀው ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም ተቀላቀሏቸው። ከአብዮቱ ዓመት ታላላቅ ቀኖች አንዱ ነው። አንዋር መስጊድ፣ የራጉኤልና የአማኑኤል አብያተ ክርስቲያናት በሚጎራበቱበት ሰፈር ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። በዚያ ዓመት ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት አሁን ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ማን ከማን ጋር ወጣ? በየት አለፉ? ጎረቤት ለጎረቤቱ ምን አለ? እነዚህን የሚመልሱልን ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

መደርደሪያ ላይ የቀረው ዕውቀት

ዕውቀቱ የለም እንዳይባል አለ። በኅዳር 1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መቶኛ ዓመት ሲከበር ዓለም አቀፍ ሲምፖዚየም ተካሂዶ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የከተማዋ የመጀመሪያ ሰፈሮች እንዴት እንደተፈጠሩና እንዴት እንደተለወጡ ያቀረቡት ጥናት ከዚያ ሲምፖዚየም የተገኘ ነው። ፒተር ጋረትሰን የከተማዋን የመጀመሪያ ዓመታት ታሪክ በመጽሐፍ አውጥቷል። ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ጥራዞች ጽፈዋል። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ መዝግበዋል። ከሁሉም በላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ጥናቶች አሉ። ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ገበያ፣ ስለ አንድ ማኅበር ወይም ስለ አንድ ትምህርት ቤት የተሠሩት እነዚህ ጽሑፎች በታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ደጋግመው ይጠቀሳሉ።

ይህ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር»ን የመሰሉ የአማርኛ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ በራሱ ቋንቋ የከተማውን አስተዳደርና ሥርዓት ታሪክ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይቀር ነበር። አንድ ተማሪ ስለ መርካቶ ሊጽፍ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል፤ ሽማግሌዎችን ያናግራል፤ ያሉትን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ተጠርዞ ስድስት ኪሎ ይቀመጣል። የነገሩት ሰዎች የሆነውን አያዩትም። የተናገሩት በትክክል ተጽፎ እንደሆነ የሚያረጋግጡበት ዕድል የላቸውም። ከሕዝብ የተወሰደ ነገር ወደ ሕዝብ አልተመለሰም ማለት ነው።

ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ዛሬ የአማኑኤል ወጣት ታሪክ የሚሰማው ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ነው። ከመካከላቸው ደክመው የሚያዘጋጁ ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ ዓመተ ምሕረትም ምንጭም ሳይጠቅሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቁጣ የሚያስነሣውን መርጠው ይነግሩታል። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ«የጨዋታ እንግዳ» እና በሌሎች ዝግጅቶቹ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ የብዙ አንጋፋዎችን ድምፅም አስቀርቶልናል። ሬዲዮ ግን አይጠየቅም። አድማጩ እጁን አውጥቶ «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ እንደዚህ አልነበረም» ማለት የሚችለው ተናጋሪው ፊት ለፊቱ ሲቆም ብቻ ነው።

አየሁና ሰማሁ

እንዲህ ያለ መድረክ ተረት የሚነግሥበት ይሆናል የሚል ስጋት አለ። ታሪክ አጥኚዎች ይህን ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ሽማግሌ ይረሳል፤ ያደንቃል፤ የቤተሰቡን ስም ከፍ ያደርጋል። ለዚህ መልሱ ግን ሽማግሌውን ዝም ማሰኘት አይደለም፤ ከሰነዱ ጋር ማነጋገር ነው። የአገራችን ሰው ምስክርን መመዘን ያውቅበታል። ችሎት የቆመ ሰው ያየውንና የሰማውን ለይቶ እንዲናገር ይጠየቃል፤ ሰምቶ ከሆነ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ይኸው ሥርዓት ለታሪክ መድረክ ይበቃል።

አሠራሩን በተግባር ላስረዳ። አጥኚው ለአርባ ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ የከተማውን አሮጌ ፕላን፣ ፎቶግራፉን፣ የጋዜጣውን ቅጂ በግድግዳ ላይ ያሳያል። ከዚያ መድረኩ ለሰፈሩ ሰው ይለቀቃል። የሚናገረው ሰው ነገሩን አይቶ ወይም ሰምቶ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። አንድ ጸሐፊ ሁሉንም በአማርኛ ይመዘግባል፤ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ድምፁ ይቀረጻል። በሚቀጥለው መድረክ መጀመሪያ ላይ ያለፈው ተነብቦ ይታረማል። ሰነዱና ትዝታው ካልተስማሙ ሁለቱም ይጻፋሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ምሁሩ ብቻውን ያልደረሰበትን ሁለቱ አብረው ይደርሱበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታሪክ ሲነሣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለወንድ ሽማግሌ ነው። መርካቶን ግን ሴቶችም ሠርተውታል። የበርበሬውንና የቅመሙን ንግድ፣ ጉልቱን፣ ጠላና እንጀራ ቤቱን፣ ዕቁቡን የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ስለ እነሱ የተጻፈ ሰነድ አነስተኛ ስለሆነ የእነሱ ቃል ይበልጥ ያስፈልጋል። ተናጋሪ ሆነው በስማቸው ካልተጋበዙ፣ ከኋላ ተቀምጠው ቡና አፍልተው ይሄዳሉ፤ ታሪኩም ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ስጋት ፖለቲካ ነው። በአገራችን ያለፈው ዘመን የዛሬ ጠብ ማገዶ ሆኗል፤ ስለዚህ ነገር ባናነሣ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። ስለ አንድ ንጉሥ መልካምነት ወይም ክፋት ሲከራከሩ ሁለት ሰዎች የሚያመጡት ከሌላ የሰሙትን ነው፤ የሚዳኛቸው የለም። ስለ አማኑኤል አንድ መንገድ ሲከራከሩ ግን ወጥተው ያዩታል፤ የሚያውቅ ይጠራሉ፤ የቤት ካርታ ያመጣሉ። በማስረጃ መረታት ማለት ምን እንደሆነ ሰው የሚለምደው በእንዲህ ያለ ቅርብ ነገር ላይ ነው። ይህን የለመደ ሰው ወደ ትልቁ ክርክር ሲሄድም ማስረጃ ይጠይቃል።

ከባዱን ጥያቄ መሸሽም አይገባም። የሰፈሩ ታሪክ በ1930 ወይም በ1879 ዓ.ም. አይጀምርም። ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት በዚህ ምድር የኖሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስም ዛሬም በጉለሌና በየካ ክፍለ ከተሞች ስም ውስጥ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አንዱ ቤቱን አጣ፣ ሌላው በዝቅተኛ ኪራይ ከነልጆቹ የሚኖርበት አገኘ፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው። እነዚህን ማንሣት ያማል። ሆኖም በጨዋ ሥርዓት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየሰማ ሲነሡ፣ በስልክ መስኮት ውስጥ በስድብ ከሚነሡት ይሻላል።

ነጻ ነገር ከፋይ አለው

መድረኩ ለአድማጭ ነጻ እንዲሆን አንድ ወገን ወጪውን መቻል አለበት። እዚህ ላይ ከገበያ ሰፈር የተነሣ አንድ የውጭ ምሳሌ ልጥቀስ። ሰር ቶማስ ግሬሻም የተባለው የለንደን ነጋዴ፣ ነጋዴዎች የሚገናኙበትን ሮያል ኤክስቼንጅ ያቋቋመው ሰው፣ የዚያ ገበያ የኪራይ ገቢ ከሞቱ በኋላ ለሕዝብ ነጻ ትምህርታዊ ንግግር እንዲውል ተናዘዘ። በስሙ የተሰየመው ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1597 ሥራ ጀመረ። ተማሪ አይመዘገብም፤ ዲግሪ አይሰጥም፤ የሚመጣ ሁሉ ገብቶ ይሰማል። ንግግሩ ለምሁራን በላቲን፣ ለከተማው ሕዝብ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር። በ1660 እዚያ ከተደረገ አንድ ንግግር በኋላ የተሰበሰቡ ሰዎች የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሳይንስ አካዳሚ ሆነ። ኮሌጁ ከ400 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ያለ ክፍያ ያስተምራል።

ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገበያ ዕውቀትን መደገፍ ይችላል፤ የነጋዴ ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ለመንገድ ላይ ሰውም ሊውል ይችላል። ሁለተኛ፣ ለምሁር በምሁር ቋንቋ፣ ለከተማው ሰው በከተማው ቋንቋ መናገር ግዴታ ነው። አማኑኤል ላይ ያ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ እንደ ርእሱና እንደ ተናጋሪው ደግሞ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ ወይም ኦሮምኛ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። መርካቶ ዕድር አለው። ብዙ አጥኚዎች ዕድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በወረራው ዘመንና ከዚያ ወዲህ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በባዕድ ከተማ ሲሞት የሚቀብረው ወገን ለማግኘት ሲል እንደሆነ ይናገራሉ። ዕድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ የስም ዝርዝርና ቃለ ጉባኤ አለው፤ ብዙዎቹም ቤት አላቸው። ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ ጎረቤትን የሚያገናኝ ዕድር ማግኘትም አይቸግርም። ሰው ዕድሩን ያምናል፤ ሲሞት የሚቀብረው እሱ ነውና። የዕድር ዳኛ ጠርቶት የሚመጣው ሰው ወረዳ ጠርቶት ከሚመጣው ይበልጣል፤ በልቡም ተዝናንቶ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አዳራሾች፣ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላትም አሉ። ሱቅ በሚዘጋበት በእሑድ ከሰዓት በኋላ እነዚህ ቦታዎች ለመድረኩ ይበቃሉ።

ዩኒቨርሲቲው ሰው ይላክ። የታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጥናቱን የጨረሰ ተማሪ ለፈታኞቹ እንዳቀረበው ሁሉ ጥናቱን ላገኘበት ሰፈር በአማርኛ እንዲያቀርብ ግዴታ ቢያደርግ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት በየዓመቱ ብዙ ንግግር ይገኛል። ነጋዴው የተናጋሪውን የትራንስፖርት ወጪና የቅጂውን ዋጋ ይቻል። ርእስ ግን አይምረጥ፤ ስለ ቤተሰቡ ውዳሴም አይዘዝ። ክፍለ ከተማው ቦታ ይፍቀድ፤ ተናጋሪ ግን አይመድብ። የተቀረጸውና የተጻፈው አንድ ቅጂ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለወመዘክር፣ አንድ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሰጥ። የሰፈሩ ሰውም ከምስክርነት አልፎ ራሱ መርማሪ ይሁን። ስዊድናዊው ጸሐፊ ስቬን ሊንድክቪስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ሠራተኞች የፋብሪካቸውን ታሪክ ራሳቸው እንዲመረምሩ የሚያስተምር መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ በብዙ አገሮች የጥናት ቡድኖች ተፈጥረዋል። ሙያ የሌለው ሰው በተገቢው መንገድ ቢመራ ሰነድ መመርመር እንደሚችል ያ ሥራ አሳይቷል።

ጊዜው አሁን ነው

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ አካባቢ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት በላ። ከሸቀጡ ጋር ደብተሮች፣ ውሎች፣ አሮጌ ደረሰኞችና ፎቶግራፎች አብረው እንደሚጠፉ የምናስበው ጥቂቶች ነን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት የከተማዋ መልክ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ከድሮ ሰፈራቸው የተነሡ ሰዎች በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተበትነዋል። አንድ ሰፈር ሲነሣ ሕንፃው በፎቶ ይቀራል፤ ማን ከማን ጋር እንደኖረ የሚያውቀው ጉርብትና ግን ከተበተነ በኋላ ተመልሶ አይሰበሰብም። ልማቱ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት የሚለው የራሱ ክርክር አለው። በሁለቱም መልስ ግን የሰፈሩን ሰው ሳይበተን ማዳመጥ ግዴታችን ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ለሦስት ወገኖች ነው። ለታሪክ አጥኚዎች፦ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ ነገሯችሁ ሰዎች ተመለሱ። ለዕድር ዳኞች፦ በዓመት ጥቂት እሑዶች ድንኳናችሁን ከለቅሶ ውጭ ለታሪክ ጣሉት። ለመርካቶ ነጋዴዎች፦ አባቶቻችሁ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ሠርተዋል፤ እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ሰፈር ታሪክ ለልጆቻችሁ የምታስተላልፉበትን መድረክ አቋቁሙ። የመጀመሪያው ርእስ የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ መዛወር ይሁን። ሰነዱ አለ፤ ጥናቱ አለ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙ ሰዎች አሉ። ሁለተኛው የሆስፒታሉ ታሪክ፣ ሦስተኛው የሚያዝያ 1966ቱ ሰልፍ ይሁን።

በታሪኳ ላይ የምትጣላ አገር አለን። ጠቡን የሚያበርደው ከላይ የሚወርድ አንድ የተስማማንበት መጽሐፍ ነው ብለው የሚጠብቁ አሉ። እኔ የምጠብቀው ከታች፣ ሰዎች ያዩትን ከሰሙት መለየት ከሚለምዱባቸው ትንንሽ መድረኮች ነው። አማኑኤል ላይ የተነገረን ስሕተት አማኑኤል ላይ ማረም የቻለ ሕዝብ፣ ስለ አገሩ የሚነገረውንም ማረም ይችላል።